የሾላ ምንጭ ምስክር

ሾላ ምንጭን የሚያህል ትንሽ መንደር፣ የሾላ ምንጭን ሰው የሚያህል ኩራተኛ አላየሁም። ሠላሳ አንድ ቤት ናት። ከሰቆጣ ወደ አበርገሌ በሚወርደው መንገድ መኪና እስከሚሄድበት ተሂዶ፣ የቀረው ግማሽ ቀን በእግር ነው። ተከዜ ከሩቅ ይታያል፤ ውኃው ግን ለዓይን እንጂ ለጉሮሮ አይደርስም። መሬቱ በደጉ ዓመት ማሽላ ያበቅላል፤ በክፉው ዓመት ድንጋይ ብቻ ነው፤ ክፉው ደግሞ ይበዛል። የኛ ሰው በዚህ ሁሉ መሀል ተቀምጦ ራሱን የአገር እምብርት አድርጎ ይቆጥራል። ቤቱ ውስጥ በኽምጣኛ፣ ቢሮና ቤተ ክርስቲያን በአማርኛ፣ ገበያ ላይ ሲቸግረው በትግርኛ ይናገራል። ሦስት ቋንቋ ያለው ሕዝብ አንድ ቁም ነገር ያጣል አይባልም። እኛ ግን ጎረቤት ማማት ስንጀምር ሦስቱም አይበቁንም ነበር።

ይታየሽ ቅጣው እባላለሁ። ሰቆጣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ለተማሪዎቼ ድንበር ምን እንደሆነ ጥቁር ሰሌዳው ላይ መስመር አስምሬ አሳያቸዋለሁ። እኔ ያወቅሁት ግን ከሰሌዳ አይደለም፤ በዘጠኝ ዓመቴ፣ በ1985 ዓ.ም. ነው።

ድንበር ስላችሁ አገር ከአገር የሚለይ እንዳይመስላችሁ። ከወዲህ አበርገሌ፣ ከወዲያ ዝቋላ፤ ወረዳና ወረዳ ናቸው። ሁለቱንም ድርቅ ይመታቸዋል፤ ሁለቱም የእርዳታ ስንዴ ሲመጣ ማዳበሪያ ይዘው ይሰለፋሉ። ለማኝ ከለማኝ አኩፋዳ የሚለይበት ድንበር ቢኖር የኛው ነው። ከመንደራችን በላይ ዳገት አለ። ዳገቱ ወገብ ላይ አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ሥር ምንጭ። ከምንጩ በላይ ማዶ የምንላቸው የዝቋላ ሰዎች ሰባት ቤት ሠርተው ይኖራሉ። ከሁሉ በላይ ሁላችንም የምንሳለማት፣ ሁላችንም የምንቀበርባት ኪዳነ ምሕረት አለች። በመንደራችንና በምንጩ መካከል ሦስት የነጭ ድንጋይ ክምሮች ነበሩ። ድንበሩ እነሱ ናቸው። ስለዚህ ምንጩ የዝቋላ ነው ማለት ነው። ይህን ግን ልብ የሚለው አልነበረም፤ ሁሉም ይቀዳ ነበር። ክምሮቹ ለጥቅም የሚውሉት ሴቶች ከምንጭ ሲመለሱ እንስራቸውን አሳርፈውባቸው ሲያወሩ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ምንጩ ላይ የእጅ ፓምፕ ሊተክል ነው የሚል ወሬ መጣ። ፓምፑ የሚጻፈው ምንጩ ለሚገኝበት ወረዳ ሕዝብ ነው ተባለ። የኛ መንደር በአንድ ሳምንት ውስጥ ድንበር የሚባል ነገር እንዳለ አስታወሰ።

የመንደራችን ሊቀ መንበር አባቴ ቅጣው ነበር። በዚያ ሐሩር የሱፍ ኮት ይለብሳል፤ ከሰልባጅ የተገዛ ነው። በደረት ኪሱ የማይጽፍ እስክሪብቶ ይሰካል። ሲናገር አንገቱን ወደ ኋላ ይሰብራል። እኔ ያን አንገት ስመለከት መንግሥት ማለት እሱ ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደማስበው መንደሩም ተመሳሳይ ስሕተት ሳይሠራ አልቀረም፤ እኔ ግን ቢያንስ ልጅ ነበርሁ።

ባልንጀራዬ ፅዮን ነበረች፣ የማዶው የደግሰው ልጅ። ትምህርት ቤት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ነው የምንማር። ሒሳብ ትበልጠኛለች፤ ፊደል እበልጣታለሁ። ውኃ አብረን እንቀዳለን፣ ቅማላችንን እንኳ አብረን ነው የምንቀምለው። አባቷ አያ ደግሰው ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። በኛ ሰፈር ዝምታ እንደ ድንቁርና ይቆጠራል። ስለዚህ የኛ ሰዎች ደግሰውን ሲያዩት ፈገግ ይሉ ነበር፤ ለሞኝ እንደሚደረገው።

አንድ ቅዳሜ ሰው ሁሉ ገበያ ወርዶ እኔ እግሬ ላይ እባጭ ወጥቶብኝ ቤት ቀረሁ። ደጃፍ ተቀምጬ ሳለ አባቴና ጓደኛው አስማረ ቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። አስማረ አባቴ የተናገረውን ሁሉ ደግሞ የሚናገር ሰው ነበር፤ የመንደሩ ምክትል የሆነውም በዚህ ሙያው ነው። ቃሬዛው በጋቢ ተሸፍኗል። ሰው የሞተ መስሎኝ እያነከስሁ ተከተልሁ። አባቴ ዞር ሲል አየኝና ቃሬዛውን አስቀመጠ። ከጋቢው ጫፍ ነጭ ድንጋይ ብቅ ብሎ ነበር።

«ለአያትሽ መቃብር ነው» አለኝ ላቡን እየጠረገ። «ስለት ነው፤ ከተወራ አይሰምርም። ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ።»

አያቴ የተቀበረው ላይ ኪዳነ ምሕረት ነው፤ መንገዱ በምንጩ በኩል ያልፋል። ስለዚህ የሚያጠራጥር ነገር አልነበረውም። እኔማ ኮራሁ። የሙት መቃብር የሚያሳምር አባት፣ ምስጢር የሚያካፍል አባት፣ ከኔ በቀር ማን አለው? ወደ ደጃፌ ተመልሼ በዚያ ቀን ስንቴ እንደተመላለሱ ቆጠርሁ። ሰባት ጊዜ ነው። ለአንድ ሽማግሌ መቃብር ሰባት ቃሬዛ ድንጋይ ምን ይሠራል ብዬ አልጠየቅሁም። ሒሳብ ፅዮን ትበልጠኝ ነበር ብያለሁ።

በአራተኛው ቀን እግሬ ሲሻለኝ ማለዳ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ፀሐይ ገና አልወጣችም። አያ ደግሰው ከምንጩ በላይ ብቻውን ቁልቁል ሲወርድ አየሁት። ትከሻው ላይ ነጭ ድንጋይ ተሸክሟል። ከምንጩ አለፈና ወደኛ መንደር ወርዶ ድንጋዩን አስቀመጠ፤ ተመልሶ ወጣና ሌላ አመጣ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ቁጥቋጦ ሥር ተደብቄ ሳየው ድግምት እየደገመ መሰለኝ፤ ድንበራችንን በአስማት እየገፋ መንደራችን ውስጥ ሊያስገባው ነው። እንስራዬን ጥዬ በረርሁ። የደገመው ውዳሴ ማርያም እንደነበረ፣ ሁልጊዜም ሥራ ሲከብደው እሱን እንደሚደግም ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

ያየሁትን ስነግረው አባቴ መጀመሪያ ፊቱ ጠቆረ። ከዚያ ቀስ ብሎ መሳቅ ጀመረ። ብብቴን ይዞ አነሳኝና ግንባሬን ሳመኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አድርጎ ስሞኝ አያውቅም። ጥሪው በግማሽ ሰዓት ውስጥ በመንደሩ ተሰማ፤ ሰው ዱላ ይዞ ወጣና አያ ደግሰውን ከነድንጋዩ ከበበው።

ሐሙስ ዕለት ከሁለቱም ወረዳ ሦስት ሦስት ሰው በበቅሎና በእግር መጣ። ሾላው ሥር ሰው ሞላ። አባቴ አንገቱን ሰብሮ ተነሣና ድንበሩ ከጥንት ከምንጩ በላይ እንደነበረ፣ ደግሰው ግን ድንጋዩን ቁልቁል እያወረደ ምንጩን ሊሰርቅ ሲል እጅ ከፍንጅ መያዙን ተናገረ። አስማረም ያንኑ ደገመ። አያ ደግሰው ደግሞ ክምሮቹ ከቦታቸው ተነሥተው ሽቅብ መወሰዳቸውን፣ እሱ ወደ ጥንት ቦታቸው እየመለሰ እንደነበር አስረዳ። ማን አነሣቸው ሲሉት፣ በዓይኔ ያላየሁትን ሰው ስም አልጠራም አለ። የኛ ሰው ይህን እንደ ጥፋት ቆጠረበት። እኛ ያላየነውን ሰው ስም ስንጠራ ነው የምንውለው።

ከዚያ ምስክር ተሰማ። የማዶ ሰዎች ለማዶ መሰከሩ፤ የኛዎቹ ለኛ። ከሁለቱም ወገን አይደሉም የተባሉት ቄስ ገብረ አምላክ ብቻ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው በክምሮቹ አጠገብ አልፈው ቅዳሴ ወጥተዋል። ሲጠየቁ መስቀላቸውን እያገላበጡ፣ እኔ የማውቀው የታቦቱን ነው፣ የዓለሙን ለዓለም ሰዎች ትቻለሁ አሉ። ሰው በጽድቃቸው ተደነቀ። ከሁለት ወር በኋላ ፓምፑ ሲመረቅ በመጀመሪያው ውኃ እጃቸውን የታጠቡት እሳቸው ናቸው።

ወረዳዎቹ ግራ ሲጋቡ አባቴ እኔን ጠራ። ልጅ አይዋሽም ብሎ ሰውን ሁሉ በዓይኑ ዞረው። ቅባት ተቀብቼ፣ የሰንበት ቀሚሴን ለብሼ ነበር። አንዱ የወረዳ ሰው ጎንበስ ብሎ ያየሁትን እንድናገር ጠየቀኝ። ተናገርሁ፤ አንድ ቃል አልጨመርሁም። ማለዳውን፣ ነጩን ድንጋይ፣ ከንፈሩን፣ ቁልቁል መውረዱን። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

አያ ደግሰው ፈቃድ ጠይቆ ተነሣ። ፅዮን ከኋላው ከእናቷ ከባንቺ ጋር ተቀምጣ ታየኛለች።

«ይታየሽ፣ ልጄ» አለኝ። «ከዚያ ማለዳ በፊት ነጭ ድንጋይ ተሸክሞ ሽቅብ የወጣ ሰው አላየሽም?»

አሰብሁ። ከልቤ አሰብሁ። እሱ የሚጠይቀኝ ስለ ድንበር ድንጋይ ነው። አባቴ የተሸከመው ደግሞ የመቃብር ድንጋይ ነው። ያ ስለት ነው፤ ይህ ክስ። ሁለቱ በልጅነት ጭንቅላቴ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይተዋወቁም ነበር። አባቴን አየሁት። ላብ በጆሮ ግንዱ ይወርዳል፤ አፉ ተከፍቷል። ስለ ኔ እየጸለየ መሰለኝ። ያ ፊት የምን ፊት እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ፤ ፈተና ሲኮርጅ የተያዘ ተማሪ ፊት ነው፤ በየዓመቱ አየዋለሁ።

«አላየሁም» አልሁ።

አያ ደግሰው ለረጅም ጊዜ አየኝ። «እንግዲያስ አላየሽም» አለና ተቀመጠ። ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔ ያን ዝምታ ያመነ ሰው ዝምታ አድርጌ ወሰድሁት። መንደሩም እንደዚያው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «የድንበር ሌባ» ሆነ። ምንጩ ወደ አበርገሌ ገባ።

ፓምፑ ተተከለ፤ ምንጩ በሲሚንቶ ተደፈነ፤ ዙሪያው በእሾህ ታጠረ፤ በሩ በቁልፍ ተዘጋ። የተመዘገበው ሠላሳ አንድ ቤት ጧትና ማታ ይቀዳል። ማዶዎቹ ሰባት ቤቶች ግን አልተመዘገቡም። አባታቸው ሲጠጣ የኖረውን ውኃ በዓይናቸው እያዩ ዶቅማ ወንዝ ወርደው አሸዋ መጫር ነበረባቸው፤ በጋ ሲመጣ ደግሞ እስከ ተከዜ። የኛ ሰው ይህን ሲያይ አላዘነም። ደግሰው ያመጣባቸው ጣጣ ነው ተባለ። ገደሉን ሲወርዱ ከሾላው ሥር ተቀምጦ የሚያያቸው፣ እንደ ትርዒት፣ አይጠፋም ነበር።

ለምስክርነቴ ሽልማት አባቴ የማታውን ቁልፍ ሰጠኝ። በክር አንገቴ ላይ አንጠልጥዬው እሄድ ነበር። ትልልቅ ሴቶች እንስራ ይዘው እኔ እስክመጣ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዴ ሆን ብዬ እዘገይ ነበር።

አንድ ቀን ሴቶቹ ቀድተው ከሄዱ በኋላ ፅዮን ጄሪካን ይዛ አጥሩ ጋ መጣች። ከፍርዱ ወዲህ ትምህርት ቤት ድንጋያችንን ቀይሬ ነበር፤ አናወራም።

«አንድ ብቻ» አለችኝ። «እናቴን አሟታል። ተከዜ ሄጄ እስክመጣ ይመሻል።»

«የድንበር ሌባ ልጅ አትቀዳም» አልኋት።

«አባቴ ሌባ አይደለም።»

 ቁልፉን አዙሬ ዘጋሁና ዳገቱን እየዘፈንሁ ወረድሁ። ግጥሙን የገጠምሁት እኔ ነኝ፤ አያ ደግሰውን ከድንጋዩ ጋር የሚያጋባ መጥፎ ግጥም ነበር። የመንደሩ ልጆች ሁሉ ያዙት። ያቺን ልጅ ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ባገኛት ምን እንደማደርጋት ብዙ ጊዜ አስባለሁ። የምር ደስ የሚል ሐሳብ መጥቶልኝ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባንቺ ሕመሙ ሳይለቃት፣ ልጄ ብቻዋን አትሂድ ብላ ተከዜ ወረደች። ስትመለስ ከነጄሪካኗ ከገደሉ ተንሸራተተች። አልሞተችም። ዳሌዋ ተሰብሮ ከመደብ ወረደች ማለት ግን ከዚያ ወዲያ አልተሰማም። ፅዮን ትምህርቷን ትታ ውኃውንም እናቷንም ተሸከመች። አሥር ዓመት አልሞላትም። በኛ መንደር ወሬው ሲሰማ ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡና እግዜር ፈረደ አሉ። እኔም ከነሱ ጋር መጠጥሁ፤ የትልቅ ሰው ነገር ስለመሰለኝ።

አድጌ ተማርሁ። ኮሌጅ ገባሁ፤ ሰቆጣ ተመደብሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ሾላው ሥር ቀን ካሰብሁ የማስበው በኩራት ነበር፤ በዘጠኝ ዓመቷ በሕዝብ ፊት እውነት የተናገረች ልጅ።

በ2001 ዓ.ም. አባቴ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖት አስማረ እየመራው ቤቴ መጣ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ልወስደው ነው። ጠላ ቀዳሁላቸው። ሲሞቃቸው የድሮ ጨዋታ ያዙ፤ አስማረ ወደኔ እየጠቆመ፣ ያን ቀን ይህች ልጅ አፏን ብትከፍት ሁለታችንም ወኅኒ ነበርን አለ። የትኛውን ቀን እንደሆነ ጠየቅሁ። አባቴ ጠላው እስኪያንቀው ድረስ ሳቀ።

«የድንጋዩን ነዋ» አለ። «ሰባት ቃሬዛ! ወገቤ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። የአያትሽ መቃብር ብላት አመነች እኮ።»

«የአያቴ መቃብርስ?» አልሁ።

«የአያትሽ መቃብር ምን ድንጋይ አለው፤ አፈር ነው እንጂ።»

አያቴ የተቀበረበትን ቦታ አንድም ቀን ሄጄ አይቼው አላውቅም ነበር። ከምንጩ ሁለት መቶ እርምጃ ሽቅብ ነው። በልጅነቴ ቅዳሴ ስወጣ በአጥሩ በኩል ሁልጊዜ አልፌያለሁ፤ አንገቴን ማዞር ብቻ ይበቃኝ ነበር።

አያ ደግሰው ትዝ ይለው እንደሆነ አባቴን ጠየቅሁት። አባቴ ጽዋውን አስቀመጠና እንደ ሽማግሌ ፍርድ አሰበበት።

«ደግሰው ሞኝ ነበር» አለ። «እኔ መሆኔን ጠርጥሯል እኮ። ስሜን ቢጠራ ኖሮ ያምኑት ነበር።»

አስማረም «ያምኑት ነበር» አለ።

 ጮኼ ባባርራቸው ይህን ታሪክ ስነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ አላደረግሁትም። ጠላ ጨመርሁላቸው። በማግስቱም አባቴን ሐኪም ቤት ወሰድሁት። ሞራው ተገፈፈለትና ጥርት አድርጎ እያየ ወደ አገሩ ተመለሰ። የሰቆጣ ጎረቤቶቼ ለአባቷ የምትሆን ልጅ ብለው መረቁኝ።

በፋሲካ ዕረፍት ሾላ ምንጭ ሄድሁ። ፓምፑ በሦስተኛ ዓመቱ ተበላሽቶ ነበር። የሚቀየረው አንዲት እጅ የምታህል ጎማ ነበረች፤ ማን ሄዶ ያምጣት በሚል ሠላሳ አንዱ ቤት ሲጣላ ከረመና ሁሉም ተኮራርፎ ተወው። ብረቱ ላይ ፍየል ታስሮበት አገኘሁ። ምንጩ ተደፍኗልና እንደ ድሮው በእንስራ አይጠለቅም። የኛ ሰዎች አሁን ከማዶዎቹ ጋር አንድ አሸዋ ይጭራሉ። ድንበሩ ግን የኛ ነው ይላሉ፤ እሱን አልረሱትም።

አባቴ ቤት ሳልገባ ወደ ማዶ ወጣሁ። አያ ደግሰው ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ባንቺም ቀድማዋለች። ፅዮን የአባቷን ቤት ይዛ ትኖራለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ የት እንዳለ አይታወቅም። ደጃፏ ላይ ስቆም ማሽላ እየለቀመች ነበር። ቀና አለች፤ ለየችኝ። ተነሥታ መደቡ ላይ ቁርበት አነጠፈችልኝ።

«ይግቡ» አለች። «ፀሐይ መታዎት።»

በጣሳ ውኃ አመጣችልኝ። ከላይ ከላይ የጠለለውን ቀድታ ነው፤ ደለሉ ከጄሪካኑ ሥር ይታያል። ጠጣሁ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኋት፤ ቃሬዛውን፣ መቃብሩን፣ አባቴ የሳቀውን ሳቅ። እጇ ማሽላውን መልቀም አላቆመም።

«አውቃለሁ» አለች ስጨርስ። «አባቴ ሊሞት ሲል ነግሮኛል። ልጅቱ አይታለች፣ ግን አልዋሸችም፤ የነገሯትን አምና ነው ብሏል። አልተቀየመዎትም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ውኃ ስቀዳ ነው የኖርሁት። ለቂም የሚሆን ቀን አላገኘሁም።»

«ፅዮን፣ አንቺ በይኝ እንጂ» አልኋት።

«እንዴት ተደርጎ። አስተማሪ ነዎት።»

ድምፅዋ ውስጥ ፌዝ ፈለግሁ። ፌዝ ቢኖርበት እንደ ድሮ ጓደኛ ልጣላት፣ ልታረቃት እችል ነበር። ምንም አልነበረበትም። ለእንግዳ የሚሰጥ ንጹሕ አክብሮት ነው።

በዚህ መሀል አንዲት ልጅ ጄሪካን በጀርባዋ አዝላ ገባች። ዘጠኝ ዓመት ቢሆናት ነው። ጄሪካኑን አውርዳ እጄን ሳመችኝ። ትምህርት ቤት ትሄድ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ እናቷን አየች። ፅዮን ውኃው ሩቅ መሆኑን ተናገረች። ያን ጊዜ ሳስበው የቆየሁት ነገር ይመስል ከአፌ ወጣ። ልጅሽን ስጪኝ፣ ሰቆጣ ወስጄ ላስተምራት፣ ከኔ ጋር ትብላ፣ ከኔ ጋር ትደር አልኋት። ስናገር ዓይኔ እንባ ሞላ። ራሴን በጣም ወደድሁት።

ፅዮን ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ከማሽላው አነሣች። ልጅቱን ወደ ጓዳ ላከቻት። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ረጋ ብላ፣ የአባቷን ዓይን ይዛ።

«ይስጥልኝ» አለች። «በኛ ዘንድ ልጅ የሚሰጠው ለሚያውቁት ሰው ነው።»

ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች፤ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችኝ፤ ለእንግዳ እንደሚደረገው እስከ ደጃፍ ሸኘችኝ።